የፈረንሳይ-ካናዳ ቅድመ አያት ፍለጋ፦ የትኛው መዝገብ ለማን ይሆናል?

የአንድ ወዳጄ ልጅ ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። የዘር ሐረግሽን ሠርተሽ አምጪ ነው የሚለው። የሚኖሩት ሞንትሪያል ነው። በአባቷ በኩል ነገሩ ቀላል ሆነ። ጎጃም ላሉት አያቷ ተደወለላቸው፤ እሳቸውም እንደ ዳዊት ደጋሚ ሳያቋርጡ ሰባት ቤት ቆጠሩላት። እናቷ ግን የኩቤክ ተወላጅ ናት። "በእኔ በኩል ሁሉም በጽሑፍ አለ፣ ኢንተርኔት ላይ ታገኚዋለሽ" አለቻት። እውነቷን ነው፣ አለ። አራተኛው ትውልድ ላይ ሲደርሱ ግን የቤተሰቡ ስም ድንገት ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ። ሰውየው በአንድ ስም ተጠምቀዋል፣ በሌላ ስም አግብተዋል፣ ሲቀበሩ ደግሞ ሁለቱም ስም ተጽፎላቸዋል። ልጅቷ "ይሄ ዌብሳይት ተበላሽቷል" ብላ ላፕቶፑን ዘጋችው።

አልተበላሸም። የፈረንሳይ-ካናዳውያን የስም ወግ እንዲህ ነው። ግራ የሚያጋባው የመፈለጊያው መንገድ ብዛት ነው። ነጻ አለ፣ በወር የሚከፈልበት አለ፣ ባያችሁት ገጽ ልክ የሚያስከፍል አለ፣ ምራቅ በብልቃጥ ተቀብሎ የሚመረምር አለ። ሁሉም ቅድመ አያታችሁን እናገኝላችኋለን ይላል። ባል ወይም ሚስት ከኩቤክ ላገባችሁ፣ ወይም ከልጆቻችሁ ጋር ይህን ፍለጋ ለጀመራችሁ፣ የትኛው ለምን እንደሚሆን እዚህ እንለያለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

## ከመክፈላችሁ በፊት ስሙን እወቁት

የድሮ የኩቤክ መዝገብ ስትገልጡ ሁለት የቤተሰብ ስም በአንዲት አጭር ቃል ተያይዞ ታገኛላችሁ። ቃሏ "ዲ" ናት። ትርጉሟ "የሚባለው" ማለት ነው። እኛ "እገሌ፣ በቅጽል ስሙ እገሌ" እንደምንለው መሆኑ ነው።

ብዙዎቹ ዲ ስሞች ከወታደር ቤት የመጡ ናቸው። በ1665 የካሪኛን-ሳሊየር ክፍለ ጦር ወደ አዲሲቱ ፈረንሳይ፣ ማለትም ወደ ዛሬው ኩቤክ፣ መጣ። ወደ 1,200 ወታደሮች ነበሩ። ከእነሱ 400 ያህሉ እዚያው ቀሩና መሬት ያዙ፣ ሚስት አገቡ። ወታደሩ የጦር ሜዳ ስም ነበረው። "ላፍለር" ማለት አበባው ነው። "ሳን ሱሲ" ግድ የለሹ፣ "ቤሉመር" ጨዋታ ወዳዱ። ዣን ቤሴ የሚባለው ደግሞ "ብሪዝቱ" ይባል ነበር፣ ሁሉን ሰባሪው። ለእኛ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ የለ? የፈረስ ስም ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የእኛ የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። የእነሱ ለልጅ ይወርዳል። ልጆቹ ደግሞ አንዱ የመጀመሪያውን ስም፣ ሌላው ዲ ስሙን፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የአንድ እናትና አባት ልጆች በሁለት የቤተሰብ ስም ተከፍለው ታገኟቸዋላችሁ።

ሁሉም ግን ከጦር ቤት አልመጣም። ከያዙት መሬት፣ ከመጡበት አውራጃ፣ ከአባት የመጠሪያ ስም የወጣም አለ። ኡዶን ዲ ቦልዩ ሲባል "ቦልዩ" መልካም ስፍራ ማለት ነው።

አንድ ቤተሰብ ጠጋ ብለን እንይ። አንትዋን ርዋ ከቡርጎኝ፣ ከዥዋኒ ከተማ የመጣ በርሜል ሠሪ ነው። በዚያው በ1665 ከክፍለ ጦሩ ጋር ገባ። ዲ ስሙ "ዴዣርዳን" ነው፣ የአትክልት ቦታዎቹ እንደማለት። በ1668 ማሪ ማዦርን አገባ። ማሪ "የንጉሡ ልጆች" ከሚባሉት ናት። ከ1663 እስከ 1673 ባለው ጊዜ ሉዊ 14ኛ ወጪያቸውን ችሎ፣ አግብተው ቅኝ ግዛቱን እንዲያበዙ የላካቸው ወደ 800 የሚጠጉ ሴቶች ናቸው። አንትዋን መጨረሻው አላማረም። በ1684 ላሺን ላይ ከሰው ሚስት ጋር ተገኝቶ ባልየው ገደለው። ስሙ ግን አልሞተም። በ1854 ሌቪ በምትባል ከተማ አንድ ሕፃን ጋብሪዬል-አልፎንስ ተብሎ ተጠመቀ። አባቱ ፍራንስዋ ርዋ ዲ ዴዣርዳን፣ እናቱ ክላሪስ ሚቪል ዲ ዴሼን። አያችሁ፣ ሁለቱም ወላጆች ባለ ሁለት ስም ናቸው። ይህ ልጅ አድጎ በ1900 የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋመ። ዛሬ በኩቤክ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው ዴዣርዳን የሚባለው ተቋም እሱ ነው። ርዋ የሚለው ስም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጠፍቷል። እንግዲህ ይህን ቤተሰብ "ዴዣርዳን" በሚል ብቻ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ መንገዱ ይቆረጥበታል።

ሌሎቹን ወጎች ቶሎ ቶሎ እንለፋቸው። ሴቶች ባገቡም ጊዜ በመዝገብ ላይ በአባታቸው የቤተሰብ ስም ነው የሚጻፉት፣ እስከ ቀብር ድረስ። እንደኛው ማለት ነው። የእንግሊዝ ዘር የሚፈልጉ ሰዎች ግማሽ ዕድሜያቸውን የሚያጠፉበት "አያቴ ከማግባቷ በፊት ማን ነበረች?" የሚል ጥያቄ እዚህ የለም ማለት ይቻላል። የክርስትና ስም ደግሞ ይደራረባል። በኋለኛው ዘመን ወንዱ "ዦዜፍ"፣ ሴቷ "ማሪ" የሚል ከፊት ይጨመርላቸዋል። የክርስትና አባት ወይም እናት ስም ይከተላል። ሰው የሚጠራበት ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ አሥር ዦዜፍ ያለበት ቤት ብታገኙ አትደንግጡ። ሕፃን ሲሞትም ስሙ ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጣል። በአንድ ቤት ሁለት ፒየር ካያችሁ የመጀመሪያውን ቀብሩን ፈልጉ።

የክርስትና ስም ከአጥማቂውና ከአጠገብ ከነበረው ሰው እንዴት እንደሚወሰድ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፣ ደስ የማይል። በ1629 የእንግሊዝ መርከበኞች አንድ አፍሪካዊ ልጅ ወደ ኩቤክ አምጥተው ሸጡት። በስም ከሚታወቁት አፍሪካውያን ባሮች እዚያ አገር የመጀመሪያው እሱ ነው። በ1633 ሲጠመቅ ኦሊቪዬ ለዠን ተባለ። "ኦሊቪዬ" የተወሰደው ከአንድ የንግድ ኩባንያ ጸሐፊ፣ "ለዠን" ካስተማረው ቄስ ነው። የራሱ ስም የትም አልተጻፈም።

## መመዘኛዎቹ

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ስም አትከተሉ፣ ጋብቻ ተከተሉ። የካቶሊክ ቄሱ ጋብቻ ሲመዘግብ የሙሽራውንም የሙሽሪትንም አባትና እናት ይጽፋል፤ አጥቢያቸውንም ጭምር። አንድ የጋብቻ ገጽ ሦስት ባልና ሚስት ይሰጣችኋል። ከዚያ የወላጆቹን ጋብቻ ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ የእነሱን ወላጆች። ስሙ በየመንገዱ ቢቀያየር እንኳ ጥንዱ አይቀየርም። ፍራንስዋ ርዋ ይባል ፍራንስዋ ዴዣርዳን፣ ከክላሪስ ጋር እስካለ ድረስ ሰውየው አንድ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያገባ ሰው ከሆነ ቄሱ በወላጆቹ ፋንታ የሞተችውን ሚስት ስም ሊጽፍ ይችላል። ያኔ የመጀመሪያውን ጋብቻ ማሳደድ ነው።

ከዚህ በመነሳት እያንዳንዱን መንገድ በእነዚህ ጥያቄዎች መዘንኩት። ዋናውን ገጽ ያሳየኛል ወይስ ሌላ ሰው አንብቦ የጻፈውን? የቱን ዘመን ይሸፍናል? አንዱን ስም ስጽፍ ዲ ስሙን አብሮ ያመጣልኛል? ጋብቻውን ከልጆቹና ከወላጆቹ ጋር አያይዞታል ወይስ ማያያዙ የእኔ ሥራ ነው? ፈረንሳይኛ ምን ያህል ይጠይቃል? ክፍያውስ እንዴት ነው? ዋጋ ቁጥር አልጻፍኩም፣ ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ። የአከፋፈሉ ዓይነት ግን ከዋጋው ይልቅ ኪስ ይነካል።

## ነጻዎቹ ምስሎች፦ ፋሚሊ ሰርችና የኩቤክ ቤተ መዛግብት

ፋሚሊ ሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ ዌብሳይት ከ1621 ጀምሮ ያለውን የኩቤክ የካቶሊክ አጥቢያ መዝገብ በፎቶ አስቀምጦታል። ስማችሁን አስመዝግባችሁ በነጻ ታያላችሁ። የኩቤክ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብትም ያው መዝገብ አለው። በአጭሩ "ባንክ" ይሉታል፣ ገንዘብ አይቀመጥበትም እንጂ።

እነዚህ መዝገቦች እንዴት ተረፉ ብትሉ፣ ከ1679 ጀምሮ ቄሱ ሁሉን በሁለት ቅጂ እንዲጽፍ ተደረገ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይቀራል፣ ሌላው ለፍርድ ቤት ይሄዳል። አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ። ከዚያ በፊት የነበረው እንዲህ ዕድለኛ አልነበረም። በ1640 የኩቤክ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ መዝገቡ አብሮ ነደደ። ከዚያ በፊት የነበረውን ሰዎች ከትውስታቸው እየነገሩ ነው እንደገና የተጻፈው።

ገጹን ስትከፍቱ መጀመሪያ ህዳጉን እዩ። ቄሱ በግራ በኩል አንድ ፊደልና ስም ያስቀምጣል። ፊደሏ የጥምቀት፣ የጋብቻ ወይም የቀብር መነሻ ፊደል ናት። ገጹን ሙሉ ከማንበብ ህዳጉን ቁልቁል መውረድ ይፈጥናል። ሁለተኛ፣ የወር ስም ወጥመድ አለ። ከ7 ቁጥር ጋር "ብር" የሚል ጭራ ካያችሁ ሴፕቴምበር ነው እንጂ ጁላይ አይደለም። ሴፕት በላቲን ሰባት ስለሆነ ነው። 8 ከሆነ ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ የሮማውያኑ አሥር ደግሞ ዲሴምበር። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሕፃን ከመወለዱ ሁለት ወር በፊት እንደተጠመቀ ጽፌ ነበር። ሦስተኛ፣ ከታች "መፈረም አልችልም ብለዋል" የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አለ። ስሙን የጻፈው ቄሱ በጆሮው እንደሰማው ነው ማለት ነው። ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ብታገኙ ሦስት ሰው አይደለም።

ድክመቱ ግልጽ ነው። የፍለጋ ሳጥኑ የሚያውቀው ማውጫውን የሠራው ሰው ያነበበውን ስም ብቻ ነው። ርዋ ብላችሁ ብትጠይቁት ዴዣርዳንን አያመጣም። ማያያዙም የእናንተ ነው። ፈረንሳይኛ ትንሽ ያስፈልጋል። ትንሽ ያልኩት፣ የቄሶቹ ዓረፍተ ነገር ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ሠላሳ ቃል ያጠና ሰው አብዛኛውን ያነባል። የእጅ ጽሑፉ ግን ሌላ ፈተና ነው።

## ፔ-ኤር-ዴ-አሽ፦ ቤተሰቡን አያይዞ የሚሰጥ

ፔ-ኤር-ዴ-አሽ (PRDH) የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች በ1966 የጀመሩት ሥራ ነው። ከ1621 ጀምሮ ያለውን የካቶሊክ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር አንድ በአንድ አንብበው፣ የትኛው ከየትኛው ሰው እንደሚገጥም ለይተው፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ የቤተሰብ ገጽ ሠሩ። አሁን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደርሷል። አንድ ገጽ ስትከፍቱ ባልና ሚስቱ፣ የሁለቱም ወላጆች፣ ልጆቻቸው በሙሉ፣ ማን ማንን እንዳገባ ይወጣል። የስሙን ልዋጮችና ዲ ስሞችንም አንድ ላይ አስሯቸዋል። በእኔ ሚዛን ለቅኝ ግዛቱ ዘመን ይህን የሚያህል የለም።

ምን ያህል ሊያያይዝ እንደሚችል ለማወቅ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዛካሪ ክሉትዬ በ1634 ከፈረንሳይ፣ ከፐርሽ አውራጃ የመጣ አናጺ ነው። መጻፍ አይችልም ነበር፣ ሲፈርም መጥረቢያ ይስላል። ተመራማሪዎቹ ሲቆጥሩ እስከ 1800 ድረስ 10,850 ተወላጆች ነበሩት። ስለዚህ ኩቤካዊ ቤተሰብ ስትፈልጉ እሱን የማግኘት ዕድላችሁ ትልቅ ነው።

ክፍያው በምታዩት ገጽ ብዛት ነው። መፈለግ በነጻ፣ ዝርዝሩን መክፈት በሒሳብ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከስራል። ደስ ብሎት እየከፈተ የእኅት የወንድሙን ሁሉ አይቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በነጻው መንገድ የምትችሉትን ያህል ሂዱ። የምትፈልጓቸውን ጥንዶች በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ነው መክፈል። ገጹንም ስትከፍቱ ወዲያው ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ሌላው ጉድለቱ ዋናውን የእጅ ጽሑፍ አለማሳየቱ ነው።

## ድሩዋን፦ ምስሉም ማውጫውም

የድሩዋን ተቋም በ1899 የተመሠረተ የዘር ሐረግ ድርጅት ነው። በ1940ዎቹ የኩቤክን መዝገቦች በማይክሮፊልም ያነሳው እሱ ነው። ጋብቻዎችን በባል ስም አንድ ጊዜ፣ በሚስት ስም አንድ ጊዜ የደረደሩ ትልልቅ ቅጾችም አሉት። ባሏ በምን ስም እንደተመዘገበ ያልታወቀ አያት ካለቻችሁ በራሷ ስም ትገባላችሁ።

"ዤኔያሎዢ ኬቤክ" በሚባለው ገጹ ላይ ያለው ማውጫ ከፔ-ኤር-ዴ-አሽ ጋር የተዛመደ ነው፣ መረጃውን ይጋራሉ። ልዩነቱ፣ ይህኛው ከእያንዳንዱ ግኝት ጎን የዋናውን ገጽ ፎቶ ያወጣል፣ ወደ እኛ ዘመንም ጠጋ ይላል። ጋብቻዎችን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይዟል። የቤተሰብ ገጽ አያያዙ ግን እንደዚያኛው አይደለም። አከፋፈሉ በጊዜ ነው። የአንድ ወር ከፍሎ፣ ሌሎች ነገሮችን አቁሞ፣ ማታ ማታ መቀመጥ ያዋጣል። ከ1850 እስከ 1900 ያለው ጊዜ ለብዙ ሰው ጨለማ ስለሆነ እሱን ለመሻገር ይህ ነው የሚሻለው።

## አንሴስትሪ፦ ቤተሰቡ ድንበር ከተሻገረ

ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ወደ 900,000 የሚጠጉ ፈረንሳይ-ካናዳውያን ወደ አሜሪካ ሄደዋል። አብዛኞቹ ማሳቹሴትስ፣ ሜይን፣ ሮድ አይላንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገቡ። እዚያ ደግሞ ስሙ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀየረ። ርዋ ንጉሥ ማለት ስለሆነ "ኪንግ" ሆነ። ለብላን "ዋይት"፣ ቡዋቨር "ግሪንዉድ"፣ ለቬክ "ቢሾፕ"። ያልተተረጎመው በድምፁ ተጻፈ፣ አርሻምቦ "ሻምቦ" ሆነ።

አንሴስትሪ የሚባለው በክፍያ የሚሠራ የዘር ሐረግ ዌብሳይት የሚጠቅመው እዚህ ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ፣ የዜግነት ወረቀት፣ የድንበር ማለፊያ መዝገብ አንድ ላይ አለው። የድሩዋን ምስሎችም ውስጡ አሉ። ለቅኝ ግዛቱ ዘመን ብቻ ከሆነ ግን ለእሱ መክፈል አስፈላጊ አይደለም። ደንበኝነቱ ራሱን እያደሰ ስለሚቀጥል ስትመዘገቡ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ አስገቡ። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እዚያው ቁጭ ብላችሁ በነጻ እንድትጠቀሙበት ይፈቅዳሉ። መጠየቅ ነው።

## መጻሕፍቱ፣ የሰው ሐረግና ምራቁ

ታንጌ የሚባሉ ቄስ ከ1871 እስከ 1890 ሰባት ቅጽ መዝገበ ትውልድ አሳትመዋል። በነጻ ይገኛል። በእጅና በእግር የተሠራ ድንቅ ሥራ ነው፣ ስህተት ግን አያጣውም። ዛሬ የምጠቀምበት ለአንድ ነገር ነው፤ በመጨረሻው ቅጽ የስም ልዋጮች ዝርዝር አለ። በ1983 የወጣው የዤቴ መዝገብ የታንጌን ብዙ ስህተት አርሟል፣ የሚሄደው ግን እስከ 1730 ነው። ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሰዎች ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ የሚጭኑት ሐረግ ፈጣንና ነጻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ገጽ ስድስት ትውልድ በአንድ ማታ ገለበጥኩ። ደስታዬ ሁለት ቀን አልቆየም። ሐረጉ ውስጥ ያለው ፒየር በሦስት ዓመቱ ሞቶ፣ በሃያ አራት ዓመቱ አግብቶ ነበር። የሟቹንና የታናሹን ፒየር አንድ አድርገውታል። እሱን የገለበጡ ሌሎች አሥራ ምናምን ሐረጎችም አየሁ። ፍንጭ ለማግኘት ተጠቀሙበት፣ ማስረጃ ግን አይደለም።

የዘረመል ምርመራ ለዚህ ሕዝብ ለየት ያለ ችግር አለው። ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው የአብዛኛው መሠረት። ልጆቻቸው እርስ በርስ ተጋብተዋል። ስለዚህ ውጤቱ "ሦስተኛ ደረጃ ዘመድ" የሚላችሁ ሰው በእውነቱ ከዚያ ራቅ ያለ፣ ነገር ግን በአምስት መንገድ የሚዛመዳችሁ ሊሆን ይችላል። አሥረኛው ትውልድ ላይ ያለ አንድ አያት ደግሞ ከ1,024 አንዱ ብቻ ነው። በጉዲፈቻ ያደገና ወላጆቹን የማያውቅ ሰው ካልሆነ በቀር በዚህ አትጀምሩ። በአባት ብቻ የሚወርደው ምርመራ ግን ዲ ስም ላይ ይረዳል። አንድ ርዋና አንድ ዴዣርዳን በእርግጥ ከአንድ አባት መውጣታቸውን ያሳያል።

ወደ ፈረንሳይ መሻገር ስትፈልጉ "ፊሺዬ ኦሪዢን" አለ። የኩቤክ የዘር ሐረግ ማኅበራት ያዘጋጁት፣ ነጻ። የመጣውን ሰው የፈረንሳይ ጥምቀቱ ከተገኘ መንደሩን ይነግራችኋል።

የአጥቢያ መዝገብ ሲጠፋ ደግሞ የኖተር ውል አለ፣ የዚያ ዘመን ውልና ማዋዋል። ጥንዶች ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት የጋብቻ ውል የመፈረም ልማድ ነበራቸው። የዛካሪ ክሉትዬ ልጅ አንና ሮቤር ድሩዋን በ1636 የተፈራረሙት ውል አገሩ ላይ ካሉት ሁሉ ቀደምት ከሆኑት ነው። እሷ ያኔ ገና አሥር ዓመቷ ነበር። ልብ በሉ፣ ውል ፈርመው ያልተጋቡም አሉ። በተለይ ከንጉሡ ልጆች መካከል አንዱን ውል አፍርሰው ሌላ ያገቡ ብዙ ናቸው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ዋናውን ገጽ ያሳያል? | የሚጠነክርበት ዘመን | ባለ ሁለት ስም ላይ | ክፍያ |
|---|---|---|---|---|
| ፋሚሊ ሰርች እና የኩቤክ ቤተ መዛግብት | አዎ | ከ1621 እስከ 20ኛው ክ/ዘመን | ደካማ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ፈልጉ | ነጻ |
| ፔ-ኤር-ዴ-አሽ | አያሳይም | ከ1621 እስከ 19ኛው ክ/ዘመን አጋማሽ | በጣም ጠንካራ | ባያችሁት ገጽ ልክ |
| ዤኔያሎዢ ኬቤክ (ድሩዋን) | አዎ | ከ1621 እስከ 20ኛው ክ/ዘመን መጀመሪያ | ጠንካራ | በጊዜ |
| አንሴስትሪ | አዎ | ከ1840 ወዲህ፣ አሜሪካ የሄዱት | ደካማ | በጊዜ፣ ራሱን ያድሳል |
| የታንጌና የዤቴ መዝገቦች | አያሳዩም | እስከ 18ኛው ክ/ዘመን | መካከለኛ | ነጻ ወይም ቤተ መጻሕፍት |
| የሰዎች ሐረግ | አልፎ አልፎ | ሁሉም | በጫነው ሰው ይወሰናል | በአብዛኛው ነጻ |
| የዘረመል ምርመራ | የለውም | ቅርብ ዘመድ | በአባት መስመር ብቻ | አንድ ጊዜ |

## እናንተ የቱ ጋ ናችሁ?

ለትምህርት ቤት ሥራ አራት አምስት ትውልድ ብቻ ከፈለጋችሁ ምንም አትክፈሉ። ከአያት ጀምሩ፣ የጋብቻ ወረቀታቸውን ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ በፋሚሊ ሰርች ወደ ኋላ ውረዱ። እዚያ ያላገኛችሁትን ቅርብ ጊዜ ቤተሰቡን ጠይቁ። ኩቤክ ውስጥ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት የሆነው በ1994 ነው። የአያቶች ወረቀት ብዙውን ጊዜ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጂ ነው።

ትንሽ ገንዘብ ካላችሁና መጀመሪያ ወደ መጣው ሰው መድረስ ከሆነ ዓላማችሁ፣ የዤኔያሎዢ ኬቤክን አንድ ወር ግዙና እስከ 1800 ውረዱ። ከዚያ በታች ያለውን በፔ-ኤር-ዴ-አሽ ጨርሱ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሄዳችሁ የምትከፍቱት ገጽ ጥቂት ነው። በመጨረሻ ፊሺዬ ኦሪዢንን እዩ።

ቤተሰቡ ቦስተን አካባቢ ኖሮ ስሙ ኪንግ ወይም ዋይት ከሆነ ከአንሴስትሪ ጀምሩ፣ ግን ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ። እዚያ የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኩቤክ ውስጥ የተጋቡት የመጨረሻዎቹ ጥንዶች። እነሱን ካገኛችሁ ወደ ኩቤኮቹ መዝገቦች ተዛወሩ።

አያቶቹ አካዲያውያን ከሆኑ፣ ማለትም ከዛሬው ኖቫ ስኮሻ አካባቢ፣ ከላይ ያልኩት ግማሹ አይሠራም። በ1755 እንግሊዞች ሲያፈናቅሏቸው ብዙው መዝገብ አብሮ ጠፍቷል። እነሱን በ1671 ከተደረገው ቆጠራና ከተበተኑባቸው አገሮች መዝገብ ነው የምትገጣጥሟቸው። በዚህ ላይ ለባለሙያ መክፈል አይጸጽትም።

አንድ ማረጋገጫ ደግሞ ለሁላችሁም። የጋብቻ ገጹ ላይ "በአራተኛ ደረጃ ተፈቅዶላቸው" የሚል ካያችሁ ሙሽሮቹ ዘመዳሞች ነበሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ወስደዋል። አራተኛ ደረጃ ማለት የቅድመ አያታቸው ወላጆች አንድ ናቸው ማለት ነው። በእኛ ሰባት ቤት ሕግ አይታሰብም ነበር። ለፈላጊ ግን ስጦታ ነው። የሠራችሁት ሐረግ ሁለቱን እዚያ ላይ ካላገናኘ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

የወዳጄ ልጅ በመጨረሻ ሥራዋን አስረከበች። የእናቷን ወገን ሁለቱንም ስም አድርጋ፣ በየትውልዱ ሚስትየዋን ከነአባቷ ስም ጽፋ እስከ 1700ዎቹ ወርዳለች። በአባቷ በኩል ሰባት ስም ቁልቁል ተደርድሯል፣ ሁሉም ወንድ። አስተማሪዋ ከጎኑ በቀይ "አያቶችሽ ሴቶቹስ?" ብላ ጻፈችባት። እንደገና ጎጃም ተደወለ። አያትየው ጥያቄውን ሰምተው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እሱን ነገ ደውሉ፣ ከእትዬ ጋር ልማከር" አሉ።